ስለ ዒላማ ተኩስ ውድድርና ስለ ሒጃዝ ወዶ ዘማቾች

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በ1916 ዓ.ም. ጁን 10 ቀን የመካው አሚር ሸሪፍ ሑሴን ቢን ዓሊ ከመኖሪያ ቤታቸው መስኮት አንድ ጥይት ተኮሱ። ይህች ተኩስ በኦቶማን ቱርክ መንግሥት ላይ ለተነሣው ዐመፅ ምልክት ነበረች። ወዲያውም ከየነገዱ የተሰበሰቡት ዘላኖችና የከተማው ሰዎች ጠመንጃቸውን ይዘው በቱርክ ጦር ሰፈሮች ላይ ተኩስ ከፈቱ። አብዛኛው የቱርክ ጦር የወቅቱን ሙቀት ሽሽት ከአገረ ገዢው ጋራ ወደ ጣኢፍ ወጥቶ ስለ ነበር በመካ የቀረው ኀይል ብዙ አልነበረም። ሆኖም ከታላቁ መስጊድ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የቆመው የአጅያድ ምሽግ ወደ አንድ ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሳይያዝ ቆየ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ሳይታጣ፥ ድፍረትም ሳይጐድል፥ ይህ ስለ ምን ሆነ?

ጠመንጃ መያዝና ተኳሽ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህንንም ለመረዳት ወደ ሒጃዝ ከመመለስ በፊት ተኳሽ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ግልጥ የሆነው ምሳሌ ከመካ እጅግ ርቆ በእንግሊዝ አገር ይገኛል።

በ1859 ዓ.ም. እንግሊዞች የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሌዎን 3ኛ ባሕር ተሻግሮ ይወርረናል ብለው ሠጉ። በዚህም ጊዜ ነጋዴው፥ ጸሓፊው፥ የእጅ ሥራ ዐዋቂው ሁሉ ወዶ ዘማች ሆኖ ይመዘገብ ጀመር። እነዚህ ሰዎች በአገራችን ነጭ ለባሽ ይባል እንደ ነበረው ሠራዊት በሰላም ጊዜ በየሥራቸው የሚውሉ፥ በጦርነት ጊዜ የሚጠሩ ነበሩ። ዳሩ ግን ወታደር ያልሆነ ሰው ተኩስ በየት ይማራል? ስለዚህ በዚያው ዓመት ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ተቋቋመ፤ በተከታዩም ዓመት ጁላይ 2 ቀን በዊምብልደን ሜዳ የመጀመሪያው ውድድር ተከፈተ። መክፈቻውንም የተኮሱት ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው ናቸው። ጠመንጃው አስቀድሞ በማስደገፊያ ላይ ተስተካክሎ ታስሮ ነበርና ንግሥቲቱ ከቃታው ጋራ የተያያዘውን ገመድ ብቻ ሳቡ፤ ጥይቱም 400 ያርድ፥ ማለት 365 ሜትር ያህል ርቆ ከቆመው ዒላማ መካከል ገባ። እንዲህ ያለውን ተኩስ የጠመንጃው ሠሪ ጥበብ እንጂ የተኳሽ ጥበብ ነው ማለት አይቻልም። ከዚያ በኋላ የተወዳደሩት ግን እያንዳንዳቸው በገዛ ዐይናቸውና በገዛ እጃቸው ተኰሱ፤ ኤድዋርድ ሮስ የሚባለው ወጣትም የንግሥቲቱን ሽልማት 250 ፓውንድ ተቀበለ።

የውድድሩ ሥርዐት ቀላል ነው። ርቀቱ ተለክቶ ይታወቃል፤ ዒላማው አይንቀሳቀስም፤ መካከሉን የመታ ብዙ ነጥብ፥ ጠርዙን የመታ ትንሽ ነጥብ ያገኛል። በጕድጓድ ውስጥ ወይም ከመከለያ ጀርባ የተቀመጠ ምልክት ሰጪ ጥይቱ የት እንደ ገባ ለተኳሹ ያሳየዋል። ዋናው ትምህርት ያለው በዚህ ነው። ተኳሹ ጥይቱ ወደ ግራ እንደ ሄደ ሲያይ ነፋሱን ያስተውላል፤ ዝቅ እንዳለ ሲያይ ማነጣጠሪያውን ያርማል፤ ትንፋሹን ገትቶ ቃታውን ሳይነጥቅ ቀስ ብሎ መሳብን ይማራል። በ1,000 ያርድ ርቀት፥ ማለት ከ900 ሜትር በላይ፥ ጥቂት የማይመስለው ስሕተት ጥይቱን ከዒላማው ውጪ ይጥለዋል። ስሕተቱን ያላየ ተኳሽ ግን መቶ ጊዜ ቢተኩስ መቶ ጊዜ ያንኑ ይደግማል።

ይህ ልማድ ወደ ቅኝ ግዛቶችም ተዛመተ። በካናዳ፥ በአውስትራልያና በሌሎችም አገሮች የነበሩት የየአገሩ ሚሊሻዎችና ወዶ ዘማቾች ማኅበር እያቋቋሙ ከየመካከላቸው የተመረጡትን በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይልኩ ጀመር። በሕንድ የኮላፑር ራጃ በ1871 ዓ.ም. ለእነርሱ ውድድር የሚሆን ዋንጫ ሰጡ። ውድድሩ በ1890 ዓ.ም. ከዊምብልደን ወደ ቢስሊ ተዛወረ፤ በ1895 ዓ.ም. ደግሞ ከካናዳ የመጣው ቶማስ ሄይኸርስት የንግሥቲቱን ሽልማት ወሰደ። ከቅኝ ግዛት መጥቶ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ምስጢር ምንድን ነው ቢባል፥ ጠመንጃው አይደለም፤ ለልምምድ የሚባክነው ጥይት ነው። አንድ ሰው ዒላማ መቺ እስኪሆን ድረስ ብዙ መቶ ጥይት ማንንም ሳይገድል፥ ምንም ሳያስገኝ አፈር ውስጥ ይቀራል። ይህን ኪሳራ የሚችል መንግሥት ወይም ማኅበር ተኳሽ ያወጣል፤ የማይችል ግን ጠመንጃ ቢኖረውም ተኳሽ የለውም።

የእኛም አባቶች የዚህን ነገር ዋጋ በአሮጌ ሜዳ ከፍለዋል። ቀኑ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ ዕለቱም ዐርብ ስቅለት ነበር። የፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊት ከአምባው ወርዶ በእንግሊዞች ላይ ሲዘምት፥ ከኋላው የሚጐረሠውና በአገራችን ሰናድር የተባለው ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት ላይ ዋለ። ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው ከነፊታውራሪው ሲወድቅ ከእንግሊዝ ወገን የቈሰሉት 20 ያህል ብቻ ነበሩ። ይህን ልዩነት ለጠመንጃው ብቻ የሚሰጡ አሉ፤ ትክክል አይመስልም። እንግሊዞች በ1853 ዓ.ም. በሃይዝ ከተማ የተኩስ ትምህርት ቤት አቁመው ስለ ነበር ሰናድሩን የያዘው ወታደር ርቀት መገመትንና ማነጣጠርን ተምሮ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ውጅግራና ምንሽር በብዛት ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ቢሆንም ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገበያ በሚመነዘርበት ዘመን፥ በዝናሩ ጥቂት ጥይት ያለው ባላገር ለልምምድ ተኩስ ማለት ገንዘብን ወደ ገደል መጣል ነበር። ስለዚህ ባላገሩ አውሬውን እስኪቀርብ ታግሦ አንዲት ጥይት ይተኩሳል፤ በዚህም የቅርብ ተኳሽነቱ የሚያስመሰግን ሆነ።

የሒጃዝ ዘላንም ነገር ከዚህ ጋራ ይመሳሰላል። በተራራ ላይ ከድንጋይ ጀርባ ተቀምጦ መንገደኛ ጦር መጠበቅ የሚችል ነበር፤ በ1916 ዓ.ም. ኦክቶበር ጅዳ የደረሰው እንግሊዛዊው መኰንን ሎሬንስም ይህን አስተውሎ፥ የዘላኑ ጥቅም በደፈጣና በመንገድ ቈረጣ እንጂ በግልጥ ሜዳ ተሰልፎ በመግጠም እንዳልሆነ ጽፏል። ከእንግሊዞች በመርከብ ከመጡላቸው ጠመንጃዎች መካከል አሮጌ የጃፓን ጠመንጃዎች ነበሩበት፤ ያልለመዱትን ማነጣጠሪያ የሚለማመዱበት ሜዳም ሆነ ጊዜ አልተሰጣቸውም። የሐርብ ነገድ ሰዎች በጅዳ ላይ ያደረጉት የመጀመሪያ ጥቃት በቱርኮች መትረየስና መድፍ ተመለሰ። ከተማይቱ ጁን 16 ቀን እጇን የሰጠችው ፎክስና ሃርዲንጅ የተባሉት የእንግሊዝ መርከቦች ከባሕር ከደበደቧት፥ አውሮፕላኖችም ከላይ ቦምብ ከጣሉባት በኋላ ነው።

በመካ ግን መርከብ አይደርስም፤ እስላም ያልሆነም ወታደር ወደዚያች ከተማ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ የሱዳን ገዢና የግብፅ ጦር አዛዥ የነበሩት ሬጂናልድ ዊንጌት (በ1941 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ አዲስ አበባ የገባው የኦርድ ዊንጌት ዘመድ ናቸው) እስላሞች የሆኑ የግብፅ መድፈኞችን ከፖርት ሱዳን በጅዳ በኩል ላኩ። የአጅያድን ግንብ ያፈረሰው የእነዚህ መድፍ ነው፤ በጁላይ መጀመሪያ ምሽጉ ተያዘ። ግንብ በጠመንጃ አይፈርስምና ከቢስሊ የመጣ ባለ ሽልማትም ቢሆን በዚያ ብቻውን አንዳች ባላደረገም ነበር፤ ዳሩ ግን በምሽጉ መስኮት ብቅ የሚለውን መድፈኛ ከሩቅ እየመታ ዝም ማሰኘት የሚችል ተኳሽ ቢኖር ኖሮ ቱርኮች ወደ ከተማይቱ እንደ ልባቸው ባልተኰሱም ነበር።

ዛፍ መቍረጥና አውሬ መግደል እንኳ በተከለከለበት በዚያ ቅጥር ውስጥ የመድፍ ዐረር መውደቁ በእስላሞች ዘንድ ከከተማይቱ መያዝ ይልቅ የተወራ ነገር ሆነ። ከአጅያድ የተተኰሰ ዐረር በመስጊዱ አጠገብ ወድቆ የካዕባው መጋረጃ በእሳት መያያዙ በየአገሩ ሲሰማ፥ ቱርኮች በእስላሞች ዘንድ የነበራቸው ክብር በእጅጉ ተጐዳ። መቅደላ ሲቃጠል ቤተ ክርስቲያኑ መዘረፉንና መጻሕፍቱ በዝሆንና በበቅሎ መጫናቸውን የሚያስታውስ አንባቢ የዚያን ሐዘን ለመረዳት አይቸገርም።

ጣኢፍ እስከ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1916 ዓ.ም. ጸንታ ቆይታ እጇን ሰጠች። የአጅያድ ምሽግ ከዚያ በኋላ 86 ዓመት ያህል ቆሞ በ2002 ዓ.ም. ከነኮረብታው እንዲፈርስ ተደረገ፤ በቦታውም ለተሳላሚዎች ማረፊያ የሚሆኑት፥ በላያቸው ትልቅ ሰዓት የተተከለባቸው ረጃጅም ሕንጻዎች ተሠሩ።