በባሌ ደጋ ጅረቶች ዳር ድንኳን ተክሎ ማደርና ትራውት ማጥመድ

ዓሣ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ጣና፣ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ጫሞ ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ፣ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት ደጋ ዓሣ ይጠመዳል ቢባል የሚገረም አይጠፋም። ይሁንና በባሌ፣ በዲንሾ ዙሪያ፣ በኮሶና በጽድ ጫካ አጠገብ የሚወርዱት የዳንካና የዌብ ወንዞች ትራውት የተባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ የሚገኝባቸው ናቸው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በእነዚህ ጅረቶች ዳር ድንኳን ተክለው ለማደርና በመንጠቆ ለማጥመድ የሚመጡትን እንግዶች ማስተናገድ ለሚያስቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለሚያግዟቸው የልማት ሠራተኞች ነው። ስለ ድንኳንና ስለ መንጠቆ ከመናገራችን በፊት ስለ ውሃው መናገር ግድ ይሆንብናል። እንግዳው ከሩቅ የሚመጣው ለዓሣው ሲሆን ዓሣው ደግሞ በዚያ የሚኖረው ውሃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ስለሆነ ነው።

ትራውት የአገራችን ተወላጅ ዓሣ አይደለም። ሁለት ዓይነት ሲሆን ቡናማው የአውሮፓ፣ ቀስተ ደመናማው የሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ወንዞች ዓሣ ነው። እንግሊዞች በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ቡናማውን ወደ ኬንያ ደጋ ወንዞች አስገቡት፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገደማ ደግሞ ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ በራሱ እየተራባ ኖሯል።

ይህ ዓሣ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈልገው በውሃ ውስጥ የሟሟ ኦክሲጅን ነው። በዚህ በኩል የከፍታ ቦታ ችግር አለበት። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር ከሚገኘው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ጉድለቱን የሚያካክሰው ቅዝቃዜው ነው። በዚህ ከፍታ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አንድ ሊትር ውሃ 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ሊይዝ ሲችል፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ ወደ 6 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ውሃው ሲሞቅ የዓሣው የኦክሲጅን ፍላጎት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለሆነም ዓሣው በሁለት በኩል ይጎዳል። በጅረቱ ዳር ያለውን አምጃና አስታ ለማገዶ መንጥሮ ውሃውን ለፀሐይ ማጋለጥ ምን ያህል ጉዳት እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል። በተለይ በበጋ ወራት ውሃው ሲያንስና ሲረጋ ጥላው እንደ ጣሪያ ያገለግላል። ከቅጠሉ ላይ ወደ ውሃው የሚረግፉት ነፍሳትም የዓሣው ምግብ ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጠጠሩ ነው። እንስቷ ትራውት በጅራቷ የወንዙን ጠጠር ቆፍራ እንቁላሏን ትጥልና መልሳ ትሸፍነዋለች። በ10 ዲግሪ ሙቀት የቀስተ ደመናማው ትራውት እንቁላል እስኪፈለፈል አንድ ወር ያህል ይፈጃል፤ የተፈለፈሉትም ጫጩቶች ጥቂት ሳምንታት በጠጠሩ ውስጥ ተደብቀው ይቆያሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ በጠጠሩ መካከል ንጹሕ ውሃ ሳያቋርጥ ማለፍ አለበት። ከማሳ የታጠበ አፈር ቀዳዳውን ከደፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። ከላይ ሲታይ ወንዙ ምንም የሆነ አይመስልም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ትንንሽ ዓሣ ሲጠፋ ነው።

በመሆኑም የልማት ሠራተኞች ከማኅበሩ አባሎች ጋር ሲመክሩ ቅድሚያ የሚሰጡት ነገር የገብሱና የድንቹ ማሳ እስከ ውሃው ከንፈር እንዳይታረስ ማድረግ ነው። ቢያንስ አሥር ርምጃ ያህል ሣርና ቁጥቋጦ ቢተው ከላይ የሚመጣውን ደለል ያስቀራል። አሥር ርምጃ ለባለማሳው ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። መሬቱ ጠባብ ለሆነበት ገበሬ ማኅበሩ ከእንግዳ ከሚያገኘው ገቢ ካላካፈለው በቀር ትእዛዝ ብቻውን ብዙ ርቀት አይወስድም፤ ከተተወው ሣር አጭዶ ለከብቱ መውሰድ ግን ሊፈቀድለት ይገባል። የከብቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። የባሌ ሕዝብ ከብቱን በየወቅቱ ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዘዋውርበት የጎዳንቱ ሥርዓት ስላለው ከብት ወደ ወንዝ አይውረድ ማለት አይሞከርም። የሚቻለው ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሮ ድንጋያማ የሆነ አንድ መልካ ለማጠጫና ለመሻገሪያ መለየት፣ ጠጠር ያለበትንም ስፍራ መተው ነው።

የድንኳኑን ቦታ ስንመርጥ በብሔራዊ ፓርኩ ክልል ውስጥ ከሆነ ምርጫው የእኛ አይደለም፤ ዲንሾ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስለ ቦታውም ስለ ማጥመድ ፈቃዱም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከፓርኩ ውጭ ግን የጎርፉን ምልክት መመልከት ይበቃል። በዳር ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለው ደረቅ ሣርና ጭራሮ ወንዙ በክረምት የት ድረስ እንደሚሞላ ይናገራል። ድንኳኑ ከዚያ በላይ፣ ከውሃው 60 ሜትር ያህል ርቆ ይተከል። መጸዳጃውም የዕቃ ማጠቢያውም በዚሁ ርቀት ይሁኑ፤ ሳሙና በቀጥታ ወደ ጅረቱ መግባት የለበትም። የደረቀ ቅርንጫፍ ካለው አሮጌ ኮሶ ሥር መተኛት አደጋ አለው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ እንግዳ ይበዛል፤ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳልና ማኅበሩ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ቢያዘጋጅ ኪሣራ የለውም።

እሳትን በተመለከተ አጥብቀን እንናገራለን። አስታ እርጥብ መስሎ ሳለ በበጋ እንደ ጋዝ የሚነድ ተክል ነው። በ1992 ዓ.ም. በጋ በባሌ ደኖች ላይ የተነሣው ቃጠሎ ለሳምንታት ቆይቶ እጅግ ሰፊ ደን አጥፍቷል፤ ለማጥፋትም ከአገር ውስጥ ተማሪዎች፣ ከውጭም ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ስለዚህ እንግዳው በቡታጋዝ ምድጃ እንዲያበስል ይደረግ። ለመሞቅ ከተፈለገ በተወሰነ አንድ ምድጃ፣ ከውጭ በመጣ የባሕር ዛፍ እንጨት ይሁን። ውሻ ይዞ መምጣት ጨርሶ መከልከል አለበት። በባሌ ቀይ ቀበሮዎች ላይ በተደጋጋሚ እልቂት ያደረሰው የውሻ በሽታ ከቤት ውሾች የተላለፈ ነውና።

ስለ ማጥመዱ ጥቂት እንበል። ትራውት ፊቱን ወደ ወንዙ አናት አዙሮ፣ ከድንጋይ ጀርባ ተጠግቶ ውሃው የሚያመጣለትን ምግብ ይጠብቃል። ከታች ወደ ላይ እየተጠጋ የሚያጠምድ ሰው ሳይታይ ሊደርስበት ይችላል፤ መሪው ልጅ ይህን ካወቀ እንግዳው በጉርሻ ያመሰግነዋል። ጧት ማለዳና አመሻሽ የተሻሉ ሰዓቶች ናቸው። ትንንሹ ዓሣ በእርጥብ እጅ ተይዞ ይመለስ፤ ደረቅ እጅ የሚከላከልለትን ልጋግ ይገፍፍበታል። መረብ መጣል ለእንዲህ ያለ ጠባብ ጅረት አይሆንም። የብርብራ ፍሬ ዱቄት መበተን ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም፣ ዓሣው የሚበላቸውንም ነፍሳት በአንድ ጊዜ ይፈጃል። ፈቃድንና የተከለከሉ ዘዴዎችን በሚመለከት የልማት ሠራተኞች የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን ቢያነቡ ይጠቅማቸዋል።

በጅረት ላይ ያለን መብት ከኃላፊነት ጋር ማያያዝ ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። በአቅራቢያው በዶዶላና በአዳባ በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ የተቋቋሙት ዋጂብ የተባሉት የደን ነዋሪዎች ማኅበራት እያንዳንዳቸው ከ30 አባወራ እንዳይበልጡ፣ ለአንድ አባወራም 12 ሄክታር ደን እንዲታሰብ ተደርጎ ነበር። በዚያው ደን በፈረስ የሚጓዙ እንግዶች የሚያድሩባቸው ማረፊያ ቤቶችም ተሠርተዋል። አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበርም ከመልካ እስከ መልካ የተለካ የወንዝ ክፍል ቢረከብ፣ በቀን ስንት መንጠቆ እንደሚገባ ቢወስንና የተያዘውን ዓሣ በመዝገብ ቢያሰፍር ወንዙ መጉደሉን ወይም መሻሻሉን ከመዝገቡ ማየት ይችላል።

ሥራው ከተሳካ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጫጩት ዓሣ በጀሪካን ቀድተን ከፏፏቴው በላይ ወዳለው ወይም ወደ ጎረቤት ጅረት ብንለቅስ? ይህን አንደግፍም። ትራውት የእንቁራሪት ልጆችን የሚበላ ዓሣ ነው። በካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ዓሣ ወዳልነበረባቸው ሐይቆች ትራውት ሲለቀቅ የአካባቢው እንቁራሪቶች ተመናምነዋል፤ ዓሣው ተጠምዶ ከወጣባቸው ሐይቆች ደግሞ ተመልሰው ተራብተዋል። በባሌ አስታ ደን ትንንሽ ጅረቶች ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ፣ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ለሳይንስ የታወቀና ዛሬ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ የተባለ እንቁራሪት ይኖራል። ጀሪካን ይዞ የሚመጣ ሰው ካጋጠመ ውሃው ከመፍሰሱ በፊት ለፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት እንዲነገር እናሳስባለን።