ልደታ ጣቢያ፦ ከባቡሩ ቀድሞ የፈረሰው ሰፈር

አዲስ አበባ ውስጥ ልደታ ባቡር ጣቢያ ላይ የቆመ ሰው በአራት አቅጣጫ መሄድ ይችላል። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው መስመርና ከቃሊቲ ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ እንዲደርስ የተዘረጋው መስመር ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ ከልደታ በኋላ አንዱ ወደ ምዕራብ ሲቀጥል ሌላው በመርካቶ አድርጎ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የ34 ኪሎ ሜትር ቀላል ባቡር ካሉት 39 ጣቢያዎች እንዲህ ያለ ዕድል የደረሳቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

የከተማ ፕላን ባለሙያ እንዲህ ያለ ቦታ ሲያገኝ ካርታውን ያወጣል። ከጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ በማያልፈው ዙሪያ የመሬት አጠቃቀም ደንቡ ይቀየራል፦ ፎቁ እንዲረዝም ይፈቀዳል፣ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ ይሆናል፣ ለመኪና ማቆሚያ የሚተወው ቦታ ይቀንሳል፣ የእግረኛ መንገዱ ይሰፋል። ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ ነው። ሰፋፊ ግቢና ቪላ ብቻ ያለበት ሰፈር ባቡር አይሞላም። የብራዚሏ ኩሪቲባ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ረጃጅም ሕንፃዎቿን ፈጣን አውቶቡስ በሚያልፍባቸው ጎዳናዎች ዳር የሰበሰበችው ለዚህ ነው። እኛም ለሐሳቡ እንግዳ አይደለንም፤ ድሬዳዋን የቆረቆራት ባቡር ነው፣ ለገሃርም ስሙን ያገኘው «ጣቢያ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው።

አዲስ አበባ ሐሳቡን በ2009 ዓ.ም. መዋቅራዊ ፕላኗ ውስጥ አስገብታዋለች። ፕላኑ ከከተማዋ መሬት 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ ሲመድብ፣ ጥቅጥቅ ያለውና ቅይጥ አጠቃቀም ያለው ግንባታ የብዙኃን ትራንስፖርት መስመሮችን እንዲከተል አስቧል።

ልደታ ግን ፕላኑንም ባቡሩንም አልጠበቀም። ሐዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት የቀበሌ ቤቶቹ በመልሶ ማልማት ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ተተክሎባቸዋል፤ ሌሎች ሕንፃዎችም ተከታትለው መጡ። በፎቅ ብዛት ቢለካ ሰፈሩ ፕላነሮች የሚመኙትን ይመስላል። ከነባሮቹ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ግን ወደ ከተማዋ ዳር ሄደዋል፤ ዕድሩም ተበትኗል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ መኪና የሌለው፣ ባቡር ቢያገኝ በየቀኑ የሚሳፈር ሰው ነበር! የመሬት አጠቃቀም ደንብ ስንት ፎቅ እንደሚሠራ እንጂ ማን እንደሚኖርበት አይናገርም፤ እኔ የደንቡ ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል።

ልደታን ቤት ብቻም አይሞላውም። ባለጉዳዩን ልደታ ፍርድ ቤት ይጠራዋል፤ ግንቦት 1 ቀን ደግሞ ምእመኑ ወደ ልደታ ማርያም ይጎርፋል። ሐዲዱ እዚህ በምሰሶ ላይ በማለፉ እግረኛው ከሥሩ ይሻገራል። በአያት በኩል ግን ሐዲዱ ምድር ለምድር ስለሚሄድ አጥሩ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል። የልደታ ምሰሶ ዋጋውን የሚያስከፍለው በደረጃው ነው፤ ጉልበታቸው ለከዳቸው እናት ከቅዳሴ መልስ ያን ሁሉ መውጣት ቀላል አይደለም።

ከልደታ ወደ መስቀል አደባባይ ሲኬድ ሦስተኛው ጣቢያ ለገሃር ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በ36 ሄክታር ላይ ያረፈው የለገሃር ፕሮጀክት ሲበሰር፣ 1,600 ያህል ነባር አባወራዎች ከዚያው ሳይርቁ አዲስ ቤት እንደሚሠራላቸው ተነግሮ ነበር። ልደታ ሲፈርስ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ይህን አላገኙም።