በገበታ ላይ ያለ ባሕር፦ በላርናካ የበላሁት እራትና ዘግይቼ ያነሣሁት ጥያቄ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ገለጻ ስለ አንድ እራት መሆኑን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ስለ ዓሣ ሀብት አስተዳደር ለብዙ ዓመታት ያስተማረ ሰው ስለ በላው ነገር ሊተርክ መነሣቱ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የማቀርበውን ጥያቄ እኔው ራሴ በዚያ ማዕድ ላይ በጊዜው ሳላነሣው ቀረሁ። ጥያቄው አጭር ነው፤ ይህ ዓሣ ከየት መጣ? እንዴትስ ተያዘ? ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው፣ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የት ቦታ ላይ እንደሚቋረጥና መቋረጡ እኛን ለምን ሊያሳስበን እንደሚገባ ነው።

ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር ለሥራ ስብሰባ ወደ ቆጵሮስ ተጉዤ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ስብሰባ እንዳበቃ በዕድሜም በሙያም የሚበልጡኝ አንድ የአገሩ ተመራማሪ በላርናካ የባሕር ዳርቻ ወደሚገኝ አነስተኛ የዓሣ ምግብ ቤት ጋበዙን። በቆጵሮስ የዓሣ ሜዜ የሚባል አቀራረብ አለ። ተመጋቢው አንድ ምግብ መርጦ አያዝም፤ ትናንሽ ሳሕኖች አንዱ ሌላውን እየተከተለ ይመጣል፤ ሁሉም ከየሳሕኑ ይጋራል። ከአንድ ገበታ መብላት ለእኛ እንግዳ ነገር ስላልሆነ ወዲያው ቤተኛ ሆንሁ።

በመጀመሪያ ሰላጣና ከሰሊጥ የተዘጋጀ ማጥቀሻ ቀረበ። ቀጥሎ በወይን ጠጅ የበሰለ ኦክቶፐስ፣ ከዚያም በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ካላማሪ መጣ። ወቅቱ የፋሲካ ጾም ነበርና በአጠገባችን የተቀመጠው ቤተሰብ እነዚህን ሁለቱን ብቻ አዝዞ ሲበላ አየሁ። ምክንያቱን ጠየቅሁ። በግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ኦርቶዶክሳውያን ልማድ ኦክቶፐስና ካላማሪ ደም የሌላቸው ተብለው ስለሚቆጠሩ በጾም ይበላሉ፤ ዓሣ ግን በዐቢይ ጾም ከጥቂት በዓላት በቀር አይፈቀድም። በእኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት ስለ ተከለከለ፣ ብዙዎቻችን ኦክቶፐስን ቀርቶ የራሳችንን አምባዛ እንኳ በጥርጣሬ እናያለን፤ በሌላ በኩል በጾም ወራት የዓሣ ገበያችን ይደራል። ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ ሰው በዓሣ ላይ የሚያነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይበላል ወይ?» የሚለው መሆኑን ነው። «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ጨርሶ አይመጣም።

ከዚያ በኋላ ዓሣዎቹ መምጣት ጀመሩ፤ በፍም የተጠበሰ ጺፑራ፣ ኩርኩና የሚሉት ጥንቸል ዓሣ፣ በመጨረሻም ባርቡኒ የሚባሉ ትናንሽ ቀይ ዓሦች። ከባርቡኒው ሦስቱን ከበላሁ በኋላ አራተኛውን ሳነሣ እጄ ቆመ። የኪሴ እስክሪብቶ ርዝመት 14 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በመስክ ሥራ ማስመሪያ ሲጠፋ የምለካበት ስለሆነ በትክክል አውቀዋለሁ። ዓሣውን ከጎኑ ባስቀምጠው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አጠረ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በሜዲትራኒያን ለዚህ ዓሣ የወሰነው ዝቅተኛ ርዝመት 11 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በሳሕኔ ላይ የነበረው ሕገ ወጥ አልነበረም። ይሁን እንጂ ዝርያው ለመጀመሪያ ጊዜ ለመራባት የሚደርሰው በዚሁ ርዝመት አካባቢ ነው። የበላሁት ዓሣ አንድ ጊዜ ዘር ተክቶ ይሁን ወይም ሳይተካ ከሳሕኑ ላይ ልነግራችሁ አልችልም። ዝቅተኛ ርዝመት የሚወሰነው ግን ለዚሁ ሲባል ነው፤ ዓሣው ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘሩን እንዲተካ።

ወጣቱን አስተናጋጅ ዓሣዎቹ ከየት እንደ መጡ ጠየቅሁት። «ሁሉም ዛሬ ጠዋት ከዚህ ባሕር የወጡ ናቸው» አለኝ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ይህን ሰምተው ሳቁ፤ ጋባዣችንን ያውቋቸው ነበርና ሁለታችንን ወደ ወጥ ቤት ይዘውን ገቡ። በዚያም በሳጥኖቹ ላይ የተለጠፉትን ጽሑፎች አንድ በአንድ አነበብን።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ጥቂት ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1379 ዓሣ ለመጨረሻው ተጠቃሚ ወይም ለምግብ ቤት ሲሸጥ አብረውት ሊሄዱ የሚገቡ መረጃዎችን ይዘረዝራል። እነርሱም የንግድ ስሙና ሳይንሳዊ ስሙ፣ ከባሕር የተያዘ ወይም በእርባታ የተገኘ መሆኑ፣ የተያዘበት አካባቢ፣ የተያዘበት መሣሪያ ዓይነት፣ እንዲሁም ቀዝቅዞ የቀለጠ ከሆነ ይኸው መገለጹ ናቸው። ለአካባቢዎቹም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የሰጣቸው ቁጥሮች አሉ፤ ሜዲትራኒያንና ጥቁር ባሕር በአንድነት 37 ተብለው ይጠራሉ። ይህ ሁሉ መረጃ ምግብ ቤቱ ድረስ ይደርሳል። ምግብ ቤቱ ግን ሁሉንም በምግብ ዝርዝሩ ላይ እንዲያሰፍር ደንቡ አያስገድደውም። መረጃው ከባሕር ተነሥቶ፣ ወደብና ገበያ አልፎ ወጥ ቤት ይገባል፤ ከወጥ ቤት የሚወጣው ግን ሳሕኑ ብቻ ነው።

አሁን ሳሕኖቹን በሳጥኖቹ ብርሃን እንደ ገና እንያቸው።

ኦክቶፐሱ የመጣው ከአካባቢ 34፣ ማለትም ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ማዶ ካለው አትላንቲክ ነው። ካላማሪው ከአካባቢ 41፣ ከደቡብ አሜሪካ በስተ ምሥራቅ ካለው ውቅያኖስ በበረዶ ተጉዞ የመጣ ነው። ጺፑራው በቆጵሮስ ባሕር ላይ በተዘረጋ የመረብ ጎጆ ያደገ ነው። በቆጵሮስ ዛሬ በእርባታ የሚገኘው ዓሣ ከሚጠመደው በብዙ ይበልጣል። እንዲህ ያለው ዓሣ ሥጋ በል ስለሆነ ከቀለቡ ውስጥ የዓሣ ዱቄትና የዓሣ ዘይት ይገኛል፤ ከዚህም ብዙው የሚመረተው እንደ ፔሩ ባሉ አገሮች ከሚጠመድ ትናንሽ ዓሣ ነው። ስለዚህ ጺፑራው የቆጵሮስ ዓሣ ቢባል ትክክል ነው፤ የበላው ግን ከሌላ ውቅያኖስ ነው።

ጥንቸል ዓሣው በእርግጥ የተጠመደው በዚያው ባሕር ነበር። ዘሩ ግን የቀይ ባሕር ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ሁለቱ ባሕሮች ተገናኙ። መጀመሪያ ላይ በቦዩ መስመር ያሉት መራራ ሐይቆች ብርቱ ጨዋማነት እንደ አጥር ሆኖ ያግድ ነበር፤ ጨው ቀስ በቀስ ሲሟሟና ቦዩ በየጊዜው ሲሰፋ የቀይ ባሕር ፍጥረታት ወደ ሰሜን ተሻገሩ። ጥንቸል ዓሦች የባሕር ሣርን ግጠው ድንጋዩን ባዶ ስለሚያስቀሩ ለነባሮቹ ዝርያዎች ሥጋት ናቸው፤ ለቆጵሮስ ዓሣ አጥማጅ ግን ጥሩ ዋጋ ያወጣሉ። አንበሳ ዓሣም እንዲሁ መጥቷል። እሾሁ መርዘኛ ቢሆንም ሥጋው ስለሚበላ ምግብ ቤቶች እንዲያቀርቡት ይበረታታሉ። በሦስተኛነት የመጣው፣ ሲነካ እንደ ፊኛ የሚነፋው ዓሣ ግን ገዳይ መርዝ በሥጋው ስላለ መሸጡ ክልክል ነው፤ የቆጵሮስ መንግሥት ለሚያጠምደው ሰው በኪሎ ይከፍላል።

እንግዲህ ከበላናቸው አምስት ፍጥረታት መካከል በዘሩም፣ በአስተዳደጉም፣ በተያዘበትም ቦታ የሜዲትራኒያን የነበረው ባርቡኒው ብቻ ነው። እርሱም ከእስክሪብቶዬ ያነሰው ነው።

ይህ ለምን ሆነ? አንደኛው ምክንያት የተፈጥሮ ነው። ምሥራቃዊው ሜዲትራኒያን ከዓለም ባሕሮች ሁሉ በንጥረ ምግብ እጅግ ድኾች ከሚባሉት አንዱ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከእኛው ተራሮች ጋር የተያያዘ ነው። ከአስዋን ግድብ በፊት የክረምቱ የዓባይ ሙላት ከኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ያጠበውን አፈር ተሸክሞ እስከ ባሕሩ ይደርስ ነበር፤ በዴልታው ፊት ለፊት ሰርዲን ይሰበሰብ የነበረውም በዚሁ ሙላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ግድቡ ውሃውን መያዝ ሲጀምር የግብፅ የሰርዲን ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል አጣ። የከተማ ፍሳሽና የእርሻ ማዳበሪያ እየጨመረ ሲመጣ የጠረፉ ዓሣ ከአሠርት ዓመታት በኋላ መልሶ ቢያንሠራራም፣ የወንዝና የባሕር ትስስር ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም። ሦስተኛው ምክንያት የሰው እጅ ነው። የሜዲትራኒያን ጠቅላላ የዓሣ ሀብት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ ከተጠኑት የዓሣ ክምችቶች 58 በመቶ የሚሆኑት ከመጠን በላይ እየተጠመዱ ነበር። ይህም ቢሆን ከቀደሙት ዓመታት የተሻለ ተብሎ የተመዘገበ ነው።

ከወጥ ቤቱ ስንወጣ ጋባዣችን በትሕትና አንድ ጥያቄ አቀረቡልኝ። «በእርስዎ ሐይቅ ዘንድስ ሳጥኑ ምን ይላል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም የምናነበው ሳጥን የለንም።

ጣና ከዚህ አዳራሽ ብዙ አይርቅም። በሌላ በየትኛውም የዓለም ክፍል የማይገኙ የላቢዮባርበስ ዝርያዎች በዚህ ሐይቅ ይኖራሉ። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ የዝርያዎች ቤተሰብ ከጠፋ ወዲህ፣ በዓለም ላይ ሳይበታተን የቀረ የዚህ ዓይነት ስብስብ ተደርጎ የሚጠቀሰው የጣናው ነው። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማጥመድ ሲጀመር መረቡ የተዘረጋው በእነዚሁ ወንዞች አፍ ላይ ጭምር ነው፤ ዓሣው ለመራባት በሚሰበሰብበት ሰዓትና ቦታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተካሄዱ ጥናቶች ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ክፉኛ መመናመናቸውን አሳይተዋል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በሐይቁ ዳር ተቀምጦ የዓሣ ጉላሽ የሚያዝ እንግዳ ግን የቀረበለት የትኛው ዝርያ እንደሆነ፣ በምን ወር፣ ከየትኛው ወንዝ አፍ እንደ ተያዘ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ዓሣው አጥንቱ ወጥቶ ሲቆረጥ ርዝመቱም ስሙም አብሮ ይጠፋል። እኔም ስንት እንግዳ ወደዚያ ወስጃለሁ፤ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ጽሑፍ መለጠፍ ብቻውን ዓሣ ያድናል ብዬ አላታልላችሁም። አውሮፓ ጽሑፉን እየለጠፈች ነው የ58 በመቶው ዘገባ የወጣው። በመራቢያ ወራት ወንዝ አፍ ላይ አታጥምድ የሚባለው የታንኳ ባለቤትም ልጆቹን የሚያበላው በዚያው ወር መሆኑን መርሳት ፍትሕ አይደለም፤ ለሚዘጋበት ወቅት መተዳደሪያው አብሮ ሊታሰብለት ይገባል። ነገር ግን ያልተቆጠረውን ማስተዳደር አይቻልም። ያልተጠየቀውንም የሚቆጥር የለም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ የሚጀመረው ከቀላሉ ነው። ዓሣው ከጀልባ በሚወርድበት ቦታ፣ ከመቆረጡ በፊት፣ ዝርያውንና ርዝመቱን፣ ወሩንና የተያዘበትን ስፍራ መዝግቡ። መዝገቡን ለአጥማጆቹ ማኅበራት መልሳችሁ አሳዩ። ምግብ ቤት ስትገቡ ደግሞ ጠይቁ፤ አስተናጋጁን ለማሳፈር ሳይሆን፣ ጥያቄው ከወጥ ቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ጀልባ እንዲመለስ ነው። የላርናካው ባለቤት በሩን የከፈቱልን ስለ ተጠየቁ ነው።

ከዚያ እራት የተረፈችውን አራተኛዋን ባርቡኒ አልበላኋትም። ይህ ለባሕሩ የሚጠቅመው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ዓሣዋ ሞታለች። የተመለስሁት ግን የጋባዣችንን ጥያቄ ይዤ ነው፤ ዛሬ ለእናንተ አስረክቤዋለሁ።