ሽሪምፕና አትክልት በአንድ ውኃ፤ አኳፖኒክስ በፎንቆ ከፍታ

አኳፖኒክስ የውኃ እንስሳትን እርባታና ያለ አፈር የሚካሄድን የአትክልት ልማት በአንድ ተዘዋዋሪ ውኃ የሚያጣምር የአመራረት ዘዴ ነው። በገንዳ የሚረባው እንስሳ ከሚሰጠው መኖ ለሥጋው የሚያውለው ጥቂቱን ሲሆን፣ ከቀረው የሚበዛው ናይትሮጅን በአሞኒያ መልክ ወደ ውኃው ይወጣል፤ ይህም ከተጠራቀመ ራሱን እንስሳውን ይገድላል። እንደ ቀይ አሽ ያለ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ በተሞላ ማጣሪያ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት ለእንስሳው ብዙም ጉዳት የሌለው፣ ለአትክልት ግን ዋና ምግብ የሆነ ውህድ ነው። ሥሮች ናይትሬቱን ከወሰዱለት በኋላ ውኃው ወደ ገንዳው ስለሚመለስ፣ በየጊዜው መተካት ያለበት በትነትና በቅጠል በኩል የሚጠፋው መጠን ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ዘዴ በሐዋሳና በሸዋ ሮቢት በሆላንድ ድጋፍ በተተከሉ አነስተኛ ሥርዓቶች የተሞከረ ሲሆን፣ በገንዳዎቹ የረባው ቆሮሶ የተባለው የዓሣ ዓይነት ነው። በዓሣው ፋንታ ወይም ከዓሣው ጋር ሽሪምፕን ማርባት ይቻል እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ የሚጀምረው ከእንስሳው ጠባይ ነው። በዓለም በስፋት የሚረባው ትልቁ የጨው አልባ ውኃ ሽሪምፕ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ማክሮብራኪየም ሮዘንበርጊ፣ የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ወንዞች ተወላጅ ነው። ቆሮሶ የገንዳውን ውኃ ከላይ እስከ ታች ሲጠቀም ሽሪምፕ ግን የሚኖረው በወለሉ ላይ ስለሆነ፣ ለእርሱ የሚቆጠረው የገንዳው ጥልቀት ሳይሆን ስፋቱ ነው። ሰውነቱን የሚሸፍነው ቅርፊት አብሮት አያድግምና፣ ለማደግ አሮጌውን እየገፈፈ በአዲስ መተካት አለበት፤ አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ባሉት ሰዓታት ለስላሳ ሆኖ ስለሚቆይ በባልንጀሮቹ ይበላል። ስለዚህ በገንዳው ወለል ላይ የቧንቧ ቁራጭ፣ ሸክላና የተደራረበ መረብ ለመሸሸጊያ ይቀመጥለታል፤ ቅርፊቱም የሚጠነክረው በካልሲየም በመሆኑ ውኃው ካልሲየም እንዳያጥረው የእንቁላል ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ ይጨመርበታል።

ከዚህ በወለል ላይ የመኖር ጠባዩ አንድ ወሳኝ ስሌት ይከተላል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአነስተኛ አኳፖኒክስ መመሪያ ለአንድ ካሬ ሜትር ቅጠላ ቅጠል መደብ በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ ለእንስሳቱ መሰጠት እንዳለበት ያመለክታል። በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ እያንዳንዳቸው 20 ግራም የሚመዝኑ አሥር ሽሪምፖች ቢኖሩና በቀን የክብደታቸውን 3 በመቶ ቢመገቡ፣ የሚበሉት 6 ግራም ብቻ ነው፤ በዚህ መጠን አንድ ካሬ ሜትር ሰላጣ ለመመገብ ከሰባት እስከ ስምንት ካሬ ሜትር ገደማ የሽሪምፕ ወለል ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለሆነም ሽሪምፕ ብቻውን የአትክልት መደብ ሊሸከም አይችልም፤ የሥርዓቱ ምሰሶ ቆሮሶ ሆኖ፣ ሽሪምፑ ዓሣው በማይደርስበት የተለየ ክፍል፣ ለምሳሌ አትክልቱ በሚንሳፈፍበት መደብ ሥር፣ ተጨማሪ ምርት ሆኖ ቢረባ ይሻላል። ሽሪምፑ ለስላሳ ሥሮችን ስለሚቀነጥስ በመካከሉ መረብ መዘርጋት ያስፈልጋል።

በሐዲያ ዞን የአንሌሞ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በፎንቆና በአቅራቢያዋ ባለችው በሆሳዕና ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የአየር ጠባይ ነው። ለሽሪምፑ የሚስማማው ከ26 እስከ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውኃ ሲሆን፣ ከ14 ዲግሪ በታች ይሞታል፤ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አገር ግን ሌሊቱ ውኃውን ለሽሪምፑ ከሚስማማው ሙቀት በእጅጉ በታች ያቀዘቅዘዋል፤ ሸዋ ሮቢትና ሐዋሳ ዝቅ ያሉ በመሆናቸው በዚህ በኩል ይቀላቸዋል። ሙቀቱን በፕላስቲክ ቤትና በፀሐይ ኃይል ማሟላት ቢቻል እንኳ ሌላ እጥረት ይመጣል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ በ28 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው ኦክስጅን በሊትር 6 ሚሊግራም አካባቢ ነው፤ ሽሪምፑም ሆነ ባክቴሪያዎቹ በጎ ሆነው እንዲኖሩ ከ5 ሚሊግራም በላይ ስለሚፈለግ የሚተርፈው ክልል እጅግ ጠባብ ነው። መብራት ለጥቂት ሰዓታት ሲጠፋ አየር መንፊያው የሚቆም ከሆነ ገንዳው በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ስለሚችል፣ በባትሪ የሚሠራ መጠባበቂያ ከመጀመሪያው ወጪ ጋር መታሰብ አለበት። አትክልቱም ቢሆን በውኃው ሙቀት ይነካል፤ ሰላጣና ጎመን ቀዝቃዛ ሥር ሲወዱ፣ ለሞቀ ውኃ የሚስማሙት በሶብላ፣ ቃሪያና ቲማቲም ናቸው።

ሌላው ጉዳይ የጫጩቱ ምንጭ ነው። የዚህ ዝርያ እጮች በጨው አልባ ውኃ እንደማያድጉ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በማሌዥያ ፔናንግ የሠራው ተመራማሪ ሻኦ ዌን ሊንግ እስካረጋገጠበት ጊዜ ድረስ፣ አርቢዎች የሚጠቀሙት ከወንዝ የሚያዙ ጫጩቶችን ነበር። ለእጮቹ የሚያስፈልገው በሺህ 12 ያህል ጨው ያለበት፣ ከባሕር ውኃ ሲሶ የሚሆን ጨዋማነት ነው፤ ባሕር በሌላት ኢትዮጵያ ይህን ለማዘጋጀት የአፍዴራ ጨው ብቻውን አይበቃም፤ ካልሲየምና ማግኒዚየምም በተመጣጠነ መጠን መግባት አለባቸው። ሆኖም ይኸው የጨው ፍላጎት በሌላ በኩል ጥበቃ ነው፤ ከፎንቆ አካባቢ ያለው ውኃ በብላቴ ወንዝ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ስለሚወርድ፣ ያመለጠ ሽሪምፕ በዚያ በቀላሉ እንዳይራባ የእጮቹ ፍላጎት ይገድበዋል። በጨው አልባ ውኃ ሙሉ ዕድሜውን የሚጨርስ ባዕድ ዝርያ ግን አደገኛ መሆኑን በ1970 እ.ኤ.አ. ወደ ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ የገባው የሉዊዚያና ክሬይፊሽ የሐይቁን የውኃ እፅዋት በማጥፋቱ አሳይቷል።

ገበያውን በተመለከተ የሃይማኖት ሥርዓትም መታየት አለበት። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ እንስሳ በኦሪት ሕግ መሠረት የማይበሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶና የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ምእመናን በአካባቢው ስላሉ፣ ሽሪምፕ በፎንቆ ገበያ ለሁሉም የሚቀርብ ምግብ አይሆንም፤ ገዥው በአዲስ አበባና በሐዋሳ ሆቴሎች ቢፈለግ የበለጠ ያዋጣል። ቆሮሶውና አትክልቱ ግን በቅርብ ይሸጣሉ።

ሽሪምፑ ከገባ በኋላ አርቢው ከአትክልት ጥበቃ ልማዱ አንዱን መተው ይኖርበታል። መዳብ ለዚህ ዓይነት እንስሳት በጥቂቱም መርዛማ በመሆኑ፣ ለቲማቲም የሚረጨው መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒትም ሆነ የመዳብ ቧንቧ ወደ ሥርዓቱ መግባት የለበትም፤ ብዙዎቹ የተባይ መድኃኒቶችም ከነፍሳቱ ጋር የሥጋ ዝምድና ያለውን ሽሪምፕ ስለሚገድሉ፣ ተባይን በመረብና በእጅ ለቀማ መከላከል ግድ ይላል። ጫጩት ከመታዘዙ አስቀድሞም በተሠራው የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ሮቶ ሙሉ ውኃ አስቀምጦ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ብርዳማ ወራት ንጋት ላይ ያለውን የውኃ ሙቀት በቴርሞሜትር መመዝገብ ያስፈልጋል፤ መዝገቡ ሌሊቱን ከ20 ዲግሪ በታች ካሳየ በዚያው ዓመት ቆሮሶውን ብቻ ማስገባት ነው።