ፖድካስት በክፍል ውስጥ፦ የማቆሚያው ጥቅም

ፖድካስት ከኢንተርኔት ወደ ስልክ የሚወርድና በተፈለገ ሰዓት የሚደመጥ የድምፅ ዝግጅት ነው። ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም። አፕል በ2005 እ.ኤ.አ. አይቲዩንስ ውስጥ ሲያስገባው ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ፣ በኔብራስካዋ ኦማሃ ከተማ፣ የዊሎውዴል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች «ሬዲዮ ዊሎውዌብ» የተባለ የራሳቸውን ዝግጅት ይቀዱ ነበር። አብዛኛው አዋቂ ነገሩን ገና ሳይሰማ ልጆቹ ጽሑፋቸውን ይዘው ማይክሮፎን ፊት ቆመዋል።

ዛሬም ግን ብዙ መምህራን ፖድካስትን ክፍሉን ጸጥ ማሰኛ ያደርጉታል። ከፍተው ይተዉታል። ድምፁ ሠላሳ ደቂቃ ያወራል፣ መምህሩ ደብተር ያርማል፣ ልጆቹ ትንሽ ሰምተው እርሳስ መቅረጽና መጎሻሸም ይጀምራሉ። ከዚያ «ልጅ ያለ ምስል አይማርም» የሚል ፍርድ ይሰጣል። ይህ ፍርድ ግፍ ነው። ጥፋቱ አንዴም ያላቆመው ሰው እንጂ የድምፁ አይደለም።

የፖድካስት ትልቁ ጸጋ መቆም መቻሉ ነውና። በ1974 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በኒካራጓ ሒሳብን በሬዲዮ ማስተማር ሲጀምሩ እንቅፋቱ ይህ ነበር፦ ሬዲዮ ቆሞ ተማሪን አይጠብቅም። ስለዚህ ዝምታውን አስቀድመው ጽሑፉ ውስጥ አስገቡት። ከሬዲዮው ጥያቄ ይመጣል፤ ለጥቂት ሰከንድ ጸጥ ይላል፤ ልጆቹ ጮክ ብለው ይመልሳሉ፤ ከዚያ ትክክለኛው መልስ ይነገራል። ዘዴው ተወዶ ወደ ሌሎች አገሮችም ተሻገረ። ሰከንዶቹን የሚቆርጠው ግን ክፍሉን አይቶት የማያውቀው የስቱዲዮ ሰው ነበር። ዘግየት ብሎ የሚያስብ ልጅ አፉን ሳይከፍት መልሱ ይቀድመዋል። በፖድካስት ጊዜ ይህ ሥልጣን ወደ መምህሯ ጣት ዞረ።

ሥልጣኑ ምን እንደሚሠራ ለማየት «ብሬይንስ ኦን» የተባለውን፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቀርበውን የአሜሪካ የልጆች የሳይንስ ዝግጅት መክፈት ነው። በየዝግጅቱ አንድ ልጅ ከአዋቂ አቅራቢ ጋር አብሮ ያቀርባል። መሐል ላይ ምንነቱ ያልተነገረ ድምፅ ይሰማል፤ ልጁ ይገምታል፤ መልሱ የሚመጣው ቆየት ብሎ ነው። ቃል የሌለው እንቆቅልሽ ማለት ነው፤ ያቃተው አገር መስጠቱ ብቻ ይቀራል። ብልህ መምህርት ድምፁ እንዳለቀ፣ ልጁ ግምቱን ሳይናገር፣ ታቆመዋለች። «ምንድን ነው?» ብላም አትጀምርም። «ምን ሰማችሁ?» ትላለች። አንዱ ውኃ ሰማሁ ይላል፣ ሌላዋ ብረት ከብረት ሲፋተግ። «ስንት ጊዜ? እየፈጠነ ነው እየዘገየ?» መልሳ ታስደምጣቸዋለች። አሁን ያ የሚጎሻሸም ልጅ ጆሮውን ቀስሮ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል፣ ማስረጃም ያመጣል። ምስል ቢኖር ኖሮ ክርክሩ ሳይጀመር ያልቅ ነበር።

«በት ዋይ» የተባለው የአሜሪካዋ ቬርሞንት ግዛት የልጆች ፖድካስት ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ልጆች በራሳቸው ድምፅ ቀድተው በሚልኩት ጥያቄ የቆመ ነው። ክፍሎች ጥያቄ ለመላክ ሲዘጋጁ ከማድመጡ የበለጠ ይማራሉ።

ማዳመጥ ከንባብ ይሰርቃል ለሚሉ፦ ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር በ1986 እ.ኤ.አ. አንብቦ መረዳትን የሁለት ነገሮች ብዜት አድርገው አስቀምጠውታል፤ ፊደልን ወደ ቃል የመለወጥ ችሎታና የተነገረን የመረዳት ችሎታ። በብዜት አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው።

የእነዚህ የአሜሪካ ዝግጅቶች እንግሊዝኛ ለፈጠነባቸው የአዲስ አበባም ሆነ የባሕር ዳር ልጆች ዝግጅቶቹን መጠበቅ ግድ አይደለም። አንድ ስልክ የቡና ሙቀጫን፣ የወፍጮ ቤትን ወይም የአያትን ተረት ይቀዳል፤ ለትልቅ ክፍል ግን የስልኩ ድምፅ ስለማይበቃ ስፒከር መዋስ ያስፈልጋል። መምህራን ሆይ፣ ሦስት ደቂቃ ይበቃል፤ ብቻ እናንተ ቀድማችሁ ሳታደምጡና የት እንደምታቆሙ ሳትወስኑ ለልጆች አትክፈቱት።