መዶሻና መርፌ፤ የሸዋ ጠመንጃዎች ስለ መሣሪያ ምርጫ የሚያስተምሩት

ዘመናዊ የእሳት መሣሪያ፣ ጠመንጃም ይሁን ሽጉጥ፣ የሚተኩሰው በጥይቱ ግርጌ የተቀበረው ካፕሱል፣ ማለትም በምት የሚቀጣጠል ኬሚካል የያዘው ትንሽ የብረት ክዳን፣ በበቂ ኃይል ሲመታ ነው። ይህን ምት ለማድረስ የተለመዱት ስልቶች ሁለት ናቸው። በመጀመሪያው ስልት ከኋላ የተተከለ መዶሻ በሞላ ኃይል ተሽከርክሮ ቀጭን መርፌ ይመታል፣ መርፌውም ካፕሱሉን ይወጋል። በሁለተኛው ስልት ግን መዶሻ የለም፤ መርፌው ራሱ ከኋላው በታመቀ ሞላ ተገፍቶ በቀጥታ መስመር ይወረወራል። ዛሬ የብዙ አገሮች ፖሊስና ሠራዊት የሚታጠቋቸው አዳዲስ ሽጉጦች በአብዛኛው የሁለተኛው ወገን በመሆናቸው፣ የትኛው ስልትና የትኛው ዓይነት ይሻላል የሚለው ጥያቄ እንደ አዲስ ይነሣል። ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም፤ በአንኮበርና በደብረ ብርሃን አካባቢ የነበረው የሸዋ ቤተ መንግሥት ከመቶ ሠላሳ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ሬሚንግተንና ውጅግራ በተባሉ ጠመንጃዎች መልክ ተጋፍጦታል፤ ያም ታሪክ ለዛሬው መራጭ የሚነግረው ብዙ ነገር አለው።

ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫቸውን በአንኮበር ባደረጉበት ዘመን፣ በአገሩ የነበረው ነፍጥ በአፈሙዙ በኩል ባሩድና አረር እየተጠቀጠቀ የሚጎርስ ነበር። በ1841 ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የመሩት የእንግሊዝ ልዑክ ለንጉሡ ካቀረባቸው ስጦታዎች መካከል 300 ጠመንጃዎች ይገኙበታል። የዚያ ዘመን ጠመንጃ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው በሚጤስ ገመድ ወይም ከብረት ጋር ተጋጭቶ ፍንጣሪ በሚያወጣ ባልጩት ሲሆን፣ በሁለቱም ጊዜ የመጀመሪያው እሳት የሚያዘው በጠመንጃው ጎን ባለች ትንሽ ጎድጓዳ ላይ በተነሰነሰ ባሩድ ነው። ባሩድ ደግሞ ከመቶ ሰባ አምስት እጅ ያህሉ ጨው ባሩድ፣ ቀሪው ከሰልና ድኝ የሆነ ድብልቅ ስለሆነ፣ እርጥበት ሲነካው ይከሽፋል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላለችውና ጉም ለሚውልባት አንኮበር፣ በክረምትም ዝናብና ብርድ ለሚፈራረቁበት ለደብረ ብርሃን ሜዳ፣ ይህ ድክመት ቀላል አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው ከኬሚስትሪ ነው። ከባዜቃ የሚሠራው ፉልሚኔት የተባለው ውሁድ ነበልባል ሳይቀርበው በምት ብቻ ስለሚፈነዳ፣ በትንሽ የመዳብ ክዳን ታሽጎ ባልጩቱን ተካ፤ መዶሻ የተባለውም ክፍል እውነተኛ ሥራውን ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ሆኖም እነዚህ ባለ ካፕሱል ጠመንጃዎች አሁንም በአፈሙዝ የሚጎርሱ ስለነበሩ፣ አውሮፓ በኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ስትይዝ አሮጌዎቹ በርካሽ ወደ ቀይ ባሕር ገበያ ወረዱ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ያደረሰው ቅፍለት የዚህ ንግድ ግልጽ ማስረጃ ነው፤ የቅፍለቱ ነጋዴዎች በ1886 ለፈረንሳይ መንግሥት ባቀረቡት ጽሑፍ ላይ የተመዘገበው ጭነት 2,040 ባለ ካፕሱል ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነበር። ራምቦ ራሱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ እነዚያ ከአርባ ዓመታት በፊት ከአገልግሎት የወጡ ጠመንጃዎች በቤልጂግ ከተማ በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ 7 ወይም 8 ፍራንክ እያወጡ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አርባ ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጡ ገልጿል። ከጠመንጃዎቹ ጎን የተጫነው ጥይት ለእነርሱ የማይሆን፣ ለሌላ ትውልድ መሣሪያ የተሠራ መሆኑ ደግሞ ሸዋ በዚያን ጊዜ በሁለት ዘመናት መካከል እንደነበረች ያሳያል።

አዲሱ ትውልድ ባሩዱን፣ አረሩንና ካፕሱሉን በአንድ የብረት ቀለህ አሽጎ በኋላ በኩል የሚጎርስ ነው። ከእነዚህ መካከል የአሜሪካው ሬሚንግተን በኢትዮጵያ ገናና የሆነው፣ ዐፄ ዮሐንስ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 ደግሞ በጉራ የግብፅን ሠራዊት ድል አድርገው ብዙ ከማረኩ በኋላ ነው፤ ጣሊያንም በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ 5,000 ሬሚንግተን ለመስጠት ቃል ገብታ ነበር። ሬሚንግተን የመዶሻ ጠመንጃ ነው፤ የቱቦውን ጀርባ የሚዘጋው ብረት በዘንግ ላይ ወደ ኋላ ይንከባለላል፣ መዶሻውም ሲወርድ ከሥሩ ገብቶ ስለሚደግፈው፣ ግፊቱ በበረታ መጠን መዝጊያው ይጠብቃል። ፈረንሳዮች በ1874 የተቀበሉት የግራ ጠመንጃ፣ ከፈረንሳይኛ ስሙ ተወስዶ በአማርኛ ውጅግራ የተባለው፣ በአንጻሩ መዶሻ የለውም፤ መዝጊያው እንደ በር መቀርቀሪያ የሚንሸራተት ሲሆን፣ መርፌውና ሞላው በሆዱ ውስጥ ናቸው፤ እጀታው ሲነሣም ሞላው ይታመቃል። በዛሬው አነጋገር ውጅግራ ባለ መቺ መርፌ መሣሪያ ነበር።

ሁለቱ ስልቶች የየራሳቸው ብልጫ አላቸው። ከውጭ ያለ መዶሻ ለዓይን ስለሚታይ መሣሪያው መቀባበሉን ወዲያው ያሳያል፣ ክብደት ስላለውም ጠጣር ካፕሱል ሲገጥመው ብርቱ ምት ይሰጣል፤ ነገር ግን በጋቢ ወይም በበርኖስ ጫፍ ሊያዝ ይችላል፣ አቧራና ጭቃም በቀላሉ ይደርስበታል። መቺ መርፌ በበኩሉ የሚጓዘው መንገድ አጭርና ቀጥታ ስለሆነ ምላጩ ከተሳበበት እስከሚተኮስበት ያለው ጊዜ ያጥራል፣ የዒላማ መዛነፍም ይቀንሳል፤ ሆኖም ሞላው ሲደክም ወይም በውስጡ ያለው ቅባት በብርድ ሲረጋ ምቱ ይዳከማል፣ ጥይቱም ይከሽፋል።

ይሁን እንጂ ከመዶሻና ከመርፌ ልዩነት ይልቅ የከበደው የጥይት ጉዳይ ነበር። በሸዋና በመላው ኢትዮጵያ እጅ ከገቡት መካከል ሰናድር የተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ 14.7 ሚሊ ሜትር፣ የጣሊያኑ ቬተርሊ 10.35 ሚሊ ሜትር የቱቦ ስፋት ነበራቸው። ሬሚንግተንና ውጅግራ ሁለቱም በ11 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆኑ ስፋታቸው ቢቀራረብም፣ የግብፁ ሬሚንግተን ቀለህ ርዝመቱና ቅርጹ ከውጅግራው ይለያልና የአንዱ ጥይት በሌላው አይጎርስም። ስለዚህ የጦር አዛዡ ስንት ጠመንጃ እንዳለው ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ዓይነት ስንት ጥይት በየትኛው ጭነት ላይ እንዳለ ማወቅ ነበረበት። ከጣሊያን የተገኘው ቬተርሊ በዚህ ረገድ ያልታሰበ ጥቅም ነበረው፤ በ1896 በአድዋ የተሰለፈው የጣሊያን ሠራዊት ብዙው ይኸንኑ ዓይነት ስለታጠቀ፣ የተማረከው ጥይት ለኢትዮጵያዊው ቬተርሊ ይሆን ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥም በጥይቱ ውስጥ የተወለደ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ በ1884 ጢስ አልባውን ባሩድ ከፈለሰፈ በኋላ፣ የ1886ቱ ሌቤል ጠመንጃ ቱቦ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ጠበበ። የውጅግራ አረር 25 ግራም ሲመዝን የሌቤል 15 ግራም ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ ከ450 ሜትር ገደማ ወደ 600 ሜትር በላይ አደገ። የሚወረወር ነገር ኃይል ከክብደቱ ጋር በቀጥታ፣ ከፍጥነቱ ጋር ግን በካሬው ስለሚያድግ፣ ቀላሉ አረር ከከባዱ የበለጠ ኃይል ይዞ ይሄዳል፣ ተኳሹም በአንድ ዝናር ክብደት ብዙ ጥይት ይሸከማል። በደጋው ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ያግዛል፤ በ2,800 ሜትር አካባቢ ባለችው ደብረ ብርሃን አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ አረሩ ፍጥነቱን ዘግይቶ ያጣል፣ በሩቅ ርቀትም ከተነጣጠረበት ከፍ ብሎ ሊያርፍ ይችላል።

የመቺ መርፌ ሐሳብ ወደ ሽጉጥ ሲሻገር ቀድመው ከታዩት መካከል በጆን ብራውኒንግ ንድፍ በሊዬዥ አጠገብ በኤርስታል የተመረተው የ1900 ሽጉጥ ይገኛል። ስልቱ ዓለም አቀፍ የሆነው ግን የኦስትሪያ ሠራዊት በ1982 ግሎክ 17ን ከመረጠ በኋላ ነው። በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ የታወቀው ማካሮቭ ባለ መዶሻ በመሆኑ፣ መዶሻው ሳይቀባበል ሲተኮስ የመጀመሪያው የምላጭ ስበት ከባድ፣ ተከታዮቹ ቀላል ናቸው፤ በግሎክ ግን መርፌው ሁልጊዜ በከፊል ታምቆ ስለሚጠብቅ እያንዳንዱ ስበት አንድ ዓይነት ነው፣ ለሥልጠናም ይቀላል። ከአንድ ቤተሰብ የወጡት ዓይነቶችም የሚለያዩት በዋናነት በመጠን ነው፤ ግሎክ 17 ቱቦው 114 ሚሊ ሜትር ሆኖ ካዝናው 17 ጥይት ሲይዝ፣ ግሎክ 19 በ102 ሚሊ ሜትር ቱቦ 15 ይይዛል። አጭሩ ለመያዝ ይመቻል፣ ረጅሙ ለማነጣጠር ይረጋል።

የስልቱ አደጋም እዚያው አለ። መቺ መርፌው ታምቆ በሚቆይበት ሽጉጥ፣ ያለ ምላጭ ስበት እንዳይለቀቅ የሚያግዱት በአብዛኛው የውስጥ መቆለፊያዎች ናቸው፤ ተጠቃሚውም የሚያየው መዶሻ የለም። በ2017 ፒ320 የተባለው ሽጉጥ በተወሰነ ማዕዘን ሲወድቅ ሊባርቅ እንደሚችል በመታወቁ አምራቹ የክፍሎች ማሻሻያ ማቅረቡ፣ በወረቀት ላይ የተሟላ የሚመስል ንድፍ በተግባር መፈተን እንዳለበት አስታውሷል።

የሸዋ ተሞክሮ የሚሰጠው ፍርድ እንግዲህ ግልጽ ነው። መሣሪያ የሚመረጠው በመዶሻው ወይም በመርፌው ዝና ሳይሆን፣ ጥይቱ በቋሚነት መገኘቱ፣ መለዋወጫና ጠጋኝ መኖሩ፣ የአገሩን ዝናብና ብርድ መቻሉ፣ እንዲሁም ለያዘው እጅ መስማማቱ ተመዝኖ ነው። ይህ ሁሉ ቢሟላም የትኛውም ስልት የሰውን ጥንቃቄ አይተካም፤ መሣሪያ እንዲይዝ ሕግ የፈቀደለት ሰው ጥይቱን አውጥቶ፣ ከልጆች እጅ አርቆና ቆልፎ ማስቀመጥ፣ ጣቱንም ከምላጩ ማራቅ ግዴታው ነው። የባረቀ ጥይት መዶሻም ይምታው መርፌ አይመለስም።