የአሜሪካ የበጀት ስምምነት ዕዳ ለጡረተኛው ተረፈ

በወር በ20 ዶላር የምትጀምር ቅነሳ በ22 ዓመት ከ72 ሺህ ዶላር በላይ ትደርሳለች

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2013 ለገና ዕረፍት በሄዱበት በሃዋይ እንዳሉ አንድ የበጀት ሕግ ፈረሙ። ሕጉ በዋሽንግተን የታየው እንደ ዕርቅ ሰነድ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በኦክቶበር ወር ሁለቱ ፓርቲዎች በበጀት ባለመስማማታቸው የፌዴራሉ መንግሥት ለ16 ቀናት ሥራውን አቋርጦ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ቤታቸው ውለዋል። ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ድርጅት በኖቬምበር ባደረገው ጥናት የኮንግረሱን ሥራ እደግፋለሁ ያለው ሰው 9 ከመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ስምምነት መገኘቱ ብቻውን እንደ ትልቅ ነገር ተቆጠረ። የተወካዮች ምክር ቤት በ332 ድምፅ ለ94፣ ሴኔቱ ደግሞ በ64 ለ36 አጸደቁት። የ500 ታላላቅ ኩባንያዎች የአክሲዮን መለኪያ በዚያ ዓመት 30 ከመቶ ገደማ አድጎ ነበርና በገበያውም በኩል ለዓመቱ መጨረሻ ሌላ ጭቅጭቅ የሚሻ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ከሕጉ አንቀጾች አንዷን፣ ሁለት ወር እንኳ ሳትቆይ፣ ያጸደቋት ምክር ቤቶች ራሳቸው በሰፊ ድምፅ ሻሯት። አንቀጿ ዕድሜያቸው ከ62 ዓመት በታች ለሆነ የጦር ኃይል ጡረተኞች በየዓመቱ የሚሰጠው የኑሮ ውድነት ማካካሻ ከዋጋ ንረቱ በ1 ነጥብ ዝቅ እንዲል የምታዝ ነበረች። በ10 ዓመት ውስጥ ታስገኛለች የተባለው ቁጠባ 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በዓመት ከ3 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ለሚያወጣ መንግሥት ይህ ፍርፋሪ ነው። ፍርፋሪዋ ግን የእያንዳንዱ ጡረተኛ መሶብ ዘንድ ስትደርስ ሌላ መልክ ነበራት።

ድርድሩን የመሩት የተወካዮች ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት ሪፐብሊካኑ ፖል ራያን እና በሴኔቱ በኩል አቻቸው የነበሩት ዴሞክራቷ ፓቲ መሬይ ናቸው። ሁለቱም ያልተመኙትን ነገር ይዘው የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። በ2011 የወጣው የበጀት መቆጣጠሪያ ሕግ የጎደለውን እየለየ ሳይሆን ሁሉንም በአንድ ማጭድ የሚያጭድ ቅነሳ አስከትሎ፣ ቅነሳው ከማርች 2013 ጀምሮ መከላከያውንም ሲቪሉንም መሥሪያ ቤት እያስጮኸ ነበር። ስምምነቱ ከዚህ ቅነሳ 63 ቢሊዮን ዶላር ለሁለት ዓመት መለሰ። በምትኩ በ10 ዓመት ውስጥ 85 ቢሊዮን ዶላር የሚያመጡ ልዩ ልዩ ምንጮች ተፈለጉ፤ ልዩነቱ የበጀት ጉድለቱን ይቀንሳል ተባለ። እንግዲህ ወጪው በ2 ዓመት ይወጣል፣ ክፍያው በ10 ዓመት ይሰበሰባል። መርካቶ ውስጥ ይህ በዱቤ መግዛት ይባላል፤ ዋሽንግተን ግን ቁጠባ ብላ መዘገበችው።

ምንጭ ፍለጋው የተደረገው በጠባብ ሜዳ ነው። ሪፐብሊካኖች የግብር ጭማሪ አይነሳብን አሉ። ዴሞክራቶች ደግሞ ለመላው ሕዝብ የሚከፈለው የማኅበራዊ ዋስትና ጡረታ አይነካብን አሉ። ሁለቱ ትልልቅ ከረጢቶች እንዲህ ከታሰሩ በኋላ የቀሩት ትናንሾቹ ናቸው። የአየር መንገደኛ ለጸጥታ ጥበቃ የሚከፍለው ወደ 5.60 ዶላር ከፍ አለ። የግል ኩባንያ የጡረታ ፈንድ ቢከስር ጡረተኛውን የሚክሰው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ከኩባንያዎች በእያንዳንዱ የፈንዱ አባል ስም የሚሰበስበው ዓረቦን በ2014 ከነበረበት 49 ዶላር በ2015 ወደ 57፣ በ2016 ወደ 64 ዶላር እንዲያድግ ተወሰነ። አዲስ የሚቀጠሩ የፌዴራል ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ ጨመረ። በመጨረሻም የወታደሩ ማካካሻ ተቀነሰ።

ሒሳቡ ሲሠራ

አንድ ከመቶ ስትባል ትንሽ ትመስላለች። ወለድ በወለድ ላይ ሲታሰብ ያየ ነጋዴ ግን እንዲህ ያለውን ቁጥር በመጀመሪያው ዓመት አይመዝነውም።

ለማሳያ ያህል በ40 ዓመቱ ጡረታ ወጥቶ በወር 2,000 ዶላር የሚያገኝ አንድ የበታች ሹም ይወሰድ። የዋጋ ንረቱ በየዓመቱ 2.5 ከመቶ ነው እንበል። በቀድሞው ደንብ ጡረታው በዚያው ልክ ያድጋል፤ በአዲሱ አንቀጽ ግን 1.5 ከመቶ ብቻ ይጨመርለታል። በመጀመሪያው ጭማሪ ልዩነቱ በወር 20 ዶላር ነው። ከ10 ጭማሪ በኋላ በወር 239 ዶላር ይሆናል። ሰውየው 62 ዓመት ሲሞላው ማግኘት የነበረበት 3,443 ዶላር ሲሆን በእጁ የሚገባው 2,775 ዶላር ነው፤ በወር 668 ዶላር ጎደለ ማለት ነው። በ22ቱ ዓመታት የቀረበት ሁሉ ሲደመር ከ72 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ሕጉ በ62 ዓመቱ ጡረታው ወደ ሙሉ ልኩ እንዲመለስለት ያዛል። ያለፈው ግን አይከፈለውም።

የዋጋ ንረቱ ዝቅ ባለበት ጊዜ ነገሩ ይቀላል ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተቃራኒውን ያገኛል። ሕጉ በጸደቀበት ወቅት የነበረው ዓመታዊ ማካካሻ 1.5 ከመቶ ነበር። ከዚያ ላይ 1 ሲቀነስ ግማሽ ይቀራል፤ ከጭማሪው ሦስት እጅ ሁለቱ ተወሰደ ማለት ነው።

ለቅነሳው የቀረበው ክርክር ባዶ አልነበረም። የአሜሪካ ወታደር 20 ዓመት ካገለገለ በ40 ዓመቱ ግድም የመሠረታዊ ደመወዙን ግማሽ እየተቀበለ ይወጣል፤ ከዚያም ሌላ ሥራ ይዞ ደመወዝ በጡረታ ላይ ደርቦ መኖር ይችላል። በግል ኩባንያ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ደግሞም 20 ዓመቱን የሚሞላው ከ5 ወታደሮች 1 እንኳ አይደርስም፤ 10 ወይም 15 ዓመት አገልግሎ የወጣው የሚበዛው ክፍል በዚያ ደንብ ያለ ጡረታ ይሰናበት ነበር። ራያን ቅነሳውን ሲከላከሉ የሠራተኛ ደመወዝና ጡረታ እየጨመረ በሄደ ቁጥር ለሥልጠናና ለመሣሪያ የሚተርፈው እየሳሳ ይሄዳል የሚል ነጥብ ያነሱ ነበር። የሒሳብ ሰው ይህን በቀላሉ አይጥለውም።

የጡረተኞች ማኅበራት የተቆጡበት ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ቅነሳው ወደፊት የሚመለመለውን ብቻ ሳይሆን 20 ዓመቱን ጨርሶ የወጣውንም ያዘ። ነገሩን በእቁብ ማየት ይቻላል። እጣው ሳይወጣለት እስከ መጨረሻው ሲከፍል የቆየ ሰው ተራው ሲደርስ፣ የእቁቡ ዳኛ ተነስቶ ከዛሬ ጀምሮ ድርሻው ይቀነሳል ቢል፣ የሚነሳው ጭቅጭቅ ስለ ብሩ መጠን ብቻ አይሆንም። ሰውየው የበኩሉን ጨርሷል፤ ውሉን ልተው ቢል እንኳ ያገለገለውን 20 ዓመት የሚመልስለት የለም። ደንበኛው ዕቃውን ተረክቦ ሲያበቃ ዋጋ ይቀነስልኝ እንደ ማለት ነው።

ቁጣውን ያባባሰው ደግሞ በችኮላ የተሠራ ስህተት ነበር። አንቀጿ ስትረቀቅ በጦር ሜዳ ቆስለው በአካል ጉዳት ምክንያት ጡረታ የወጡትን ለይታ አላስቀረችም። ኢራቅና አፍጋኒስታን ላይ እግሩን ያጣ ወጣት ሁለተኛ ሥራ ይዞ ይደጉም ተባለ ማለት ነው። ፓቲ መሬይ ቀደም ሲል የሴኔቱን የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸው ነገሩን ለትዝብት አጋለጠው። በጃንዋሪ 2014 አጋማሽ በጸደቀው የወጪ ሕግ ጉዳተኞቹና በሞት የተለዩት ወታደሮች ቤተሰቦች ከቅነሳው ነጻ ወጡ። ቁጣው ግን በዚህ አልበረደም። የምርጫ ዓመት ገብቶ ነበርና የየአውራጃው ጡረተኛ ስልክና ደብዳቤ የምክር ቤት አባላቱን አላስቀመጠ አለ።

የ1986ቱ ታሪክ

ይህ ሁሉ ሲሆን ኮንግረሱ ከዚህ በፊት በዚሁ መንገድ ሄዶ መመለሱን ያስታወሰ ጥቂት ነው። በ1986 የወጣ ሕግ፣ ከዚያ ወዲያ ለሚቀጠሩ ወታደሮች የ20 ዓመት ጡረታን ከ50 ወደ 40 ከመቶ አውርዶ ማካካሻውንም ልክ እንደ 2013ቱ ከዋጋ ንረቱ በ1 ነጥብ ዝቅ አድርጎ ነበር። ያን ጊዜ ብዙም የጮኸ የለም፤ የሚጎዳው ገና አልተመለመለምና። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ልምድ ያለው ወታደር ሠራዊቱን እየተወ ሲሄድ የጦር አዛዦቹ ጣታቸውን ከጠቆሙባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ሕግ ነበር። በ1999 ኮንግረሱ ምርጫ ሰጠ፦ ወታደሩ ወደ ቀድሞው 50 ከመቶ ይመለስ፣ ወይም በ15ኛ ዓመቱ 30 ሺህ ዶላር በእጁ ተቀብሎ በተቀነሰው ጡረታ ይቆይ። ሕጉ የመጀመሪያውን የ20 ዓመት ጡረተኛ ሳያይ ተቀለበሰ። 30 ሺህ ዶላሩን የመረጡ ግን ነበሩ፤ ዕድሜ ልክ የሚመጣን ገንዘብ ለዛሬ ጥሬ ብር በርካሽ የለወጡ መሆናቸውን ብዙዎቹ የተረዱት ዘግይተው ነው።

በፌብሩዋሪ 2014 መሻሪያው ቀረበ። የተወካዮች ምክር ቤት በ11ኛው ቀን በ326 ለ90፣ ሴኔቱ በማግስቱ በ95 ለ3 አጸደቁት፤ ፕሬዚዳንቱ በ15ኛው ቀን ፈረሙ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 በፊት ሠራዊቱን የተቀላቀለ ሁሉ ሙሉ ማካካሻው ተመለሰለት።

የጎደለው ስድስት ቢሊዮን ዶላርስ ከየት መጣ? ያ ሁሉንም በአንድ ማጭድ የሚያጭደው ቅነሳ በግዴታ ወጪዎች ላይ የሚቆይበት ጊዜ በአንድ ዓመት፣ ማለትም እስከ 2024፣ እንዲራዘም ተደረገ። ከነዚህ ወጪዎች ዋነኛው ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን ለሐኪሞችና ለሆስፒታሎች የሚከፍለው ገንዘብ ነው። የ45 ዓመቱን ጡረተኛ ለማስደሰት የተከፈለው ሒሳብ አረጋውያኑን ለሚያክመው ሐኪም፣ ያውም ከ10 ዓመት በኋላ ለሚደርስ ጊዜ ተጻፈ። በወቅቱ ይህን ተቃውሞ ጎዳና የወጣ አልታየም። የአሥር ዓመት ቀጠሮ ያለው ዕዳ ድምፅ የለውም።

ያልተመለሰው የማን ነው?

በዚያው ስምምነት የተነኩት የሲቪል ሠራተኞች ጉዳይ የወታደሩን ያህል አልተወራለትም። ከ2013 በፊት የተቀጠረ የፌዴራል ሠራተኛ ለመደበኛው ጡረታ ከደመወዙ 0.8 ከመቶ ያዋጣል። በ2012 በወጣ ሕግ የ2013 ተቀጣሪ 3.1 ከመቶ እንዲያዋጣ ተደረገ። የራያንና የመሬይ ስምምነት ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ለሚቀጠረው 4.4 ከመቶ አደረሰው። በዓመት 60 ሺህ ዶላር ደመወዝ ያላቸው ሦስት ጎረቤት ጠረጴዛ የያዙ ሠራተኞች ይታሰቡ። አንደኛው 480 ዶላር፣ ሁለተኛው 1,860፣ ሦስተኛው 2,640 ዶላር ይቆረጥባቸዋል። የአገልግሎት ዘመናቸውና ደመወዛቸው እኩል ከሆነ ሦስቱም የሚያገኙት ጡረታ አንድ ነው። ከዋሽንግተንና ከአካባቢዋ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መካከል ከዚያ ዓመት በኋላ በፌዴራል መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ካለ ይህን ከደመወዝ ወረቀቱ ላይ ያነበዋል።

መንግሥት ከዚህ አገኛለሁ ያለው ገንዘብ ከወታደሮቹ ከተጠበቀው ጋር ተቀራራቢ ነው፤ እሱም 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። የወታደሩ ተመለሰ፤ የሲቪሉ አልተመለሰም፤ 4.4 ከመቶው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ልዩነቱን ለማስረዳት ብዙ ጽንሰ ሐሳብ አያስፈልግም። ገና ያልተቀጠረ ሰው ማኅበር የለውም፤ ወደ ምክር ቤት አባሉም ስልክ አይደውልም።

የጦር ኃይሉ ጡረታ በመጨረሻ መለወጡ አልቀረም። በኖቬምበር 2015 በተፈረመ የመከላከያ ሕግ አዲስ ሥርዓት ተደነገገ፤ ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። በአዲሱ ሥርዓት የ20 ዓመት ጡረታ ከመሠረታዊ ደመወዙ 40 ከመቶ ነው፤ ማለትም በ1986 ተሞክሮ የተጣለው ቁጥር ተመልሶ መጣ። ነገር ግን ማካካሻው ከዋጋ ንረቱ ጋር እኩል እንዲሄድ ተደረገ። መንግሥት በወታደሩ የቁጠባ ሒሳብ ላይ እስከ 5 ከመቶ ይጨምራል፤ 20 ዓመት ሳይሞላ የሚወጣውም ይህን ይዞ ይሄዳል። ቀድሞ የተቀጠረ ማንም ሰው ያለ ፈቃዱ ወደ አዲሱ አልተዛወረም፤ ከ12 ዓመት በታች ያገለገሉት ግን እስከ 2018 መጨረሻ እንዲመርጡ ጊዜ ተሰጣቸው። በዚህኛው ለውጥ የ2013ቱን የመሰለ ቁጣ አልተነሳም።